ተሳፋሪው ከባጃጁ ውጭ ለምን ተቀመጠ?

ድሬዳዋን የሚመስል ትንሽ ጌም በዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) እየሠራሁ ነው። የካርታው ዜሮ ነጥብ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ነው። ባጃጁ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ (40፣ 0፣ 25) ላይ ቆሟል፤ ቁጥሮቹ በተራ ኤክስ፣ ዋይ (ከፍታ) እና ዜድ ናቸው። ተሳፋሪው ከሾፌሩ ኋላ እንዲቀመጥ ስክሪፕቱ ላይ ፖዚሽኑን (0፣ 0.5፣ -0.6) አልኩት። ጌሙን ሳስነሳ ተሳፋሪ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ጣቢያው ደጃፍ አየር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ኤረር? አንድም የለም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሾፌሩን «ከዚራ አድርሰኝ» ስትለው የምታወራው ስለ ከተማው ነው። እሱ «ኋላ ግባ» ሲልህ ግን ስለ ባጃጁ ነው። ፖዚሽን የሚያውቀው ከተማውን ብቻ ነው፤ ተሳፋሪው የባጃጁ ቻይልድ (በሥሩ የተያያዘ ኦብጀክት) ቢሆንም ግድ የለውም። ይበልጥ ያደናገረኝ ኢንስፔክተሩ (የኦብጀክቱን ቁጥሮች የሚያሳየው መስኮት) ነው። (-40፣ 0.5፣ -25.6) ይላል። አቦ፣ እኔ መቼ ጻፍኩት? ለካ ኢንስፔክተሩ የሚያሳየው ከፓረንቱ፣ ማለትም ከተያያዘበት ባጃጅ፣ ያለውን ርቀት ነው። ባጃጁ ካልዞረና ስኬሉ (የመጠን ብዜቱ) 1 ከሆነ፣ ከባጃጁ እስከዚያ ተንሳፋፊ ሰውዬ ሲቆጠር ልክ ያ ነው። እንዲህ ያለ ያልጻፍከው ቁጥር ካየህ ሌላ ቦታ አትፈልግ።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ሴትፓረንት (ከፓረንቱ ጋር የሚያያይዘው ትዕዛዝ)፣ ቀጥሎ ሎካልፖዚሽን (ከፓረንቱ የሚቆጠረው ቦታ)። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ሴትፓረንት ኦብጀክቱን ካርታው ላይ በነበረበት ያቆየውና ሎካል ቁጥሩን ይለውጥብሃል። ይህን የሚተወው ለሴትፓረንት የምትሰጠውን ሁለተኛ ዋጋ ፎልስ (ሐሰት) ስታደርገው ነው።

ተሳፋሪው ከባጃጁ ጋር ሆኖ ከወንበሩ አልፎ አስፋልቱ ላይ ከተቀመጠስ? የባጃጁን ስኬል እይ። 2 ከሆነ የጻፍከው 0.6 ካርታው ላይ 1.2 ይሆናል። ስኬሉ 1 የሆነ ባዶ ኦብጀክት ፓረንት አድርግ። የባጃጁን ሞዴልና ተሳፋሪውን ጎን ለጎን እሱ ውስጥ አስገባ። የተለጠጠው ሞዴል ለብቻው ይለጠጥ።

ግማሽ አካሉ ወንበሩ ውስጥ ከሰመጠ ፒቮቱ (ቦታው የሚቆጠርበት ነጥብ) እግሩ ሥር ሳይሆን ወገቡ ላይ ነው ማለት ነው። ኪቦርዱ ላይ ዜድን ተጫንና እጀታውን ከሴንተር ወደ ፒቮት ቀይረህ አረጋግጥ።

በትክክል ተቀምጦ ባጃጁ ሲነሳ የሚቀር ከሆነ፣ ሁለቱም ሪጂድቦዲ (በፊዚክስ እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ ክፍል) ይኖራቸዋል። ተሳፍሮ እስካለ ድረስ የተሳፋሪውን ኪነማቲክ (ፊዚክስ የማይገፋው) አድርገው።

የእኔው አሁን ወንበሩ ላይ ነው። ባጃጁ ግን እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ይሄድ ጀመር። በዩኒቲ ፊት የሚባለው የዜድ አቅጣጫ ነው፤ ሞዴሉ አፍንጫውን ወደ ኤክስ አዙሮ ነበር የመጣው። ባዶውን ፓረንት ሳልነካ ሞዴሉን ብቻ 90 ዲግሪ አዞርኩት።