ከሞተር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሞተር፦ የለመደ እጅ የሚያደርሳቸው ስህተቶች

ዓመታት ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው ባጃጅ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚለው «ይሄማ ሦስት እግር አለው፣ የት ይወድቃል?» ነው። ባጃጅ ይወድቃል። ያውም ሞተር በማይወድቅበት ፍጥነትና በማይወድቅበት ቦታ። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ወይም አዲስ አበባ በ2011 በሞተር ሳይክል፣ በ2015 ደግሞ በባጃጅ ላይ እንዳደረገችው ገደብ ሲመጣ፣ እንጀራ ነውና ሹፌሩ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። መውጣቱ አይደለም ችግሩ፤ የድሮውን እጅ ይዞ መውጣቱ ነው።

መሪውን እንደ ሞተር መግፋት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ረዘም አድርገን እንየው። ሞተር ሳይክል በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የመሪውን ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ገፋ ሲያደርጉት ነው። የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ይሸሻል፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ ከዚያ ይታጠፋል። አብዛኛው ሞተረኛ ይህን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ «ሰውነቴን ዘንበል አደርጋለሁ» ነው የሚለው። ነገር ግን ዘንበል ሲል እጁ ይገፋል፣ የሚያዞረውም ግፊቱ ነው።

ባጃጅ አይጋደምም። መሪው ወደ ዞረበት ነው የሚሄደው፣ አለቀ። እንግዲህ ያ ሞተረኛ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየነዳ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መንገድ ላይ ሲደርስ ሰውነቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋል፣ ቀኝ እጁም በልማድ ይገፋል። መሪው ወደ ግራ ይዞራል። ባጃጁ መሐሉን መስመር አልፎ ከፊት ወደሚመጣው ሲኖትራክ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሰውየው «በደንብ አልተጋደምኩም» ብሎ ያስብና የባሰ ይገፋል! በቀጥታ መንገድና በዝግታ ሲለማመድ ይህ ስለማይታይ «ለመድኩት» ብሎ ተሳፋሪ ይጭናል። እባካችሁ፣ በዝግታ የተለመደ ባጃጅ አልተለመደም።

መድኃኒቱ አጭር ቃል ነው። ባጃጅ ላይ፦ «የውጪውን እጅ ግፋ።» ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ግራ እጅ ይገፋል፣ ቀኝ እጅ ይስባል። ሞተር ላይ፦ «የውስጡን እጅ ግፋ።» በየኩርባው ድምፅ አውጥታችሁ በሉት፣ አትፈሩ። ወደ ውስጥ ብትጋደሙም ክብደታችሁ ለባጃጁ ጥቂት ይረዳዋል እንጂ አያዞረውም፤ የሚያዞረው ክንዳችሁ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻና ክንድ ቢዛል አይግረማችሁ፤ ሞተር ላይ ያልሠራ ጡንቻ ነው።

ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፍሬን መርገጥ

ሞተር ሲጋደም ክብደታችሁ ወደ ወንበሩ ይጫናል። ባጃጅ ላይ ግን ወደ ውጪ ይገፋችኋል። ያልለመደ ሰው «ልወድቅ ነው» ብሎ ይደነግጥና እዚያው ኩርባው ውስጥ ፍሬን ይረግጣል። የሚጥለው ያ ፍሬን ነው።

ምክንያቱን በመሬት ላይ ሣሉት። ሦስቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩባቸውን ነጥቦች በመስመር ብታገናኙ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ሹል። ባጃጁ የሚገለበጠው ከፊት ጎማው እስከ ውጪኛው የኋላ ጎማ ባለው መስመር ላይ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሆን ከመስመሩ ይርቃል፤ ፍሬን ሲረገጥ ወደ ሹሉ ይወረወራል፣ እዚያ ደግሞ የሚደግፈው ስፋት የለም። ስለዚህ ፍሬኑና ማርሹ ከኩርባው በፊት ያልቃሉ፤ ኩርባው ውስጥ ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ መውጣት ነው።

ፍጥነት እንዴት እንደሚጨምረው ደግሞ ልብ በሉ። በዚያው ኩርባ ላይ ከ20 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስትወጡ ወደ ውጪ የሚገፋው ኃይል በግማሽ ሳይሆን ከእጥፍ በላይ፣ 2.25 ጊዜ ይሆናል። በ40 አራት እጥፍ ነው።

የውስጡ የኋላ ጎማ መሬት ሲለቅ ምልክት አለው፦ ጎማው በአየር ላይ በከንቱ ይሽከረከርና የሞተሩ ድምፅ ድንገት ይጮኻል። ያን ስትሰሙ መሪውን ፈታ አድርጉ፣ ኩርባው ይስፋ። ቦታ ከሌለ ግን አስቀድሞ በዝግታ ከመግባት ሌላ የሚያድን የለም።

የቀኝ እጅ ፍሬንና የግራ እግር ማርሽ መፈለግ

የተለመደው ባጃጅ ላይ ፍሬኑ በቀኝ እግር ብቻ ነው፤ ቀኝ እጅ ቢጨብጥ የሚያገኘው የለም። ማርሹ ደግሞ ግራ እጅ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ጨብጦ እጀታውን ማዞር። የሞተር ወንበርና የእግር ማርሽ ያላቸው የጭነት ባለ ሦስት እግሮች ግን ሌላ ናቸው። ሳትነሱ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ቁጭ በሉና ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን 20 ጊዜ እያደረጋችሁ እጅና እግርን አስተምሩ። የኋላ ማርሽ የሚገባው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ብቻ ነው፤ ማንሻውን ወደ ቦታው መመለስ የረሳ ሰው ወደ ፊት ሊሄድ ብሎ ከኋላው ያለችውን ሴትዮ ይገጫል።

ሲቆሙ እግር ማውረድ

በተለይ የጭነቱ ባለ ሦስት እግር ላይ። የኋላው ጎማ ከሹፌሩ እግር ወደ ውጪ ወጥቶ ስለሚመጣ የወረደ እግር ይረገጣል። እግር አይወርድም። በቃ።

ጉድጓድን በአንድ መስመር ማለፍ

ሞተር አንድ መስመር አለው፣ መኪና ሁለት፣ ባጃጅ ሦስት። ሞተረኛ የፊት ጎማውን ከጉድጓዱ ሲያስመልጥ የኋላው አንድ ጎማ ይገባበታል። እንደ መኪና ድንጋዩን ወደ መሐል አስገብቶ ሊያልፍ የሞከረ ደግሞ የፊት ጎማውን በቀጥታ ከድንጋዩ ጋር ያጋጫል። ጎማው 8 ኢንች ነው፤ የሞተር 17 ኢንች ጎማ በቀላሉ የሚሻገረው ጉድጓድ ባጃጁን ቀጥ ያደርገዋል። ሁሉንም ማስመለጥ ካልተቻለ ፍጥነት ቀንሳችሁ አንዱን የኋላ ጎማ ስጡት፣ የፊቱን በምንም መንገድ አትስጡ። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታንም በሰያፍ አትውጡት፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይውጡ።

የኋላውን ስፋት መርሳት

መሪው ጠባብ ስለሆነ ዓይን ይታለላል። ከኋላ 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ሲታጠፍ ደግሞ የውስጡ የኋላ ጎማ ከፊቱ ጎማ ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ የሚወጣው፣ ቦይ የሚገባው ለዚህ ነው። ትንሽ አልፋችሁ ታጠፉ።

የጭነት አቀማመጥ

ባጃጅ የተሠራው ለሹፌርና ለ3 ተሳፋሪ ነው። ከሹፌሩ ጎን የሚሸጎጠው አራተኛ ሰው ክብደቱን ወደ ሹሉ ያመጣዋል፣ መሪው በሚያስፈልገው ልክ እንዳይዞርም በጉልበቱ ይይዘዋል። ጣሪያ ላይ የሚታሰር ኩንታል ከዚያም ይብሳል፦ ክብደት ከፍ ባለ ቁጥር የሚገለበጥበት ፍጥነት ይወርዳል። የጭነቱ ባለ ሦስት እግር ላይ ከባዱን ዕቃ ታች፣ ከኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ) ትንሽ ወደ ፊት አድርጉ። ከአክስሉ ወደ ኋላ ከበዛ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ ዳገት ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መውረድ ፍሬን ያቃጥላል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ሲቆም የእጅ ፍሬን፣ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ የፊት ጎማው ወደ ጠርዙ ይዙር።

ወደ ሞተር ሲመለሱ

ይሄኛው ጉዞ ስለሚናቅ ነው የሚጎዳው። ባጃጅ የለመደ ሰው በ40 ኪሎ ሜትር መሪውን ወደ ቀኝ ጎተት ሲያደርግ ሞተሩ ወደ ግራ ይወድቃል። በእግር ፍጥነት ሲዞሩ መሪው በቀጥታ ይዞራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ወደ ውስጡ እጅ ግፊት መመለስ ግድ ነው።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናው ማቆሚያ የፊቱ ፍሬን ነው። በባጃጅ ልማድ በእግር ብቻ የሚረግጥ የኋላውን ጎማ አስሮ ይንሸራተታል። የፊቱን በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እየጠነከራችሁ ጨብጡ፤ መሪው ዞሮ ሳለ ወይም ኮረት ላይ አትጨብጡት። የክረምት የመጀመሪያ ዝናብ ዘይቱንና አቧራውን አንሳፎ አስፋልቱን ሳሙና ሲያደርገው በተለይ ተጠንቀቁ።

መቆም እንኳ ይረሳል። ሲቆሙ ግራ እግር መሬት ላይ፣ ቀኝ እግር ፍሬን ላይ። ሄልሜቱንም በባጃጅ ልማድ ቤት ጥለው የሚወጡ አሉ።

መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈውን ምድብ አንብቡ፤ የአንዱ ለሌላው አይሠራም ብላችሁ ያዙ።

በአንድ ቀን ሁለቱንም የምትነዱ ካላችሁ፣ ከወረዳችሁበት ወደ ሌላው ስትወጡ ባዶ ቦታ ፈልጉ። በ6 ሜትር ልዩነት 5 የውኃ ጠርሙስ አቁሙ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዛችሁ እለፉ፣ ከዚያ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብላችሁ እየነዳችሁ 5 ጊዜ አቁሙ። ጠርሙስ ከወደቀ ተሳፋሪ ገና አይጫንም።