መክሰሳችሁን ለአእምሯችሁ ስትሉ ቀይሩ
ከሰዓት 9 ሰዓት ሲል አራት ኪሎ አካባቢ የምንሠራ ሰዎች እግራችን ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ማኪያቶ በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ከጎኑ ቦምቦሊኖ። የባሰ ከራበን በርገርና ቺፕስ። ስለ ቦርጭ ብዙ ተብሏል፣ እሱን ልተወው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጭንቅላታችን ነው።

አእምሮ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ውስጡ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። አዲስ ነገር የምንይዘው በእሱ ነው፣ ስንጠግብ "ይብቃህ" በማለትም ያግዛል። ስብና ስኳር ሲበዛ ቶሎ የሚጎዳው ይኼ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት ብቻ እንዲህ ዓይነት ምግብ ሲበዛባቸው የማስታወስ ፈተና ላይ ውጤታቸው ወረደ፣ ጠግበው እያለም ጣፋጭ ያምራቸው ጀመር። ቀጫጭን ልጆች ናቸው እኮ! "እኔ አልወፍርም" የምትሉ ልብ በሉ። ውፍረት ሲጨመርበት ደግሞ የደም ስኳርን የሚያስተካክለው ኢንሱሊን ሥራው ይደክማል፣ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። በጉልምስና ዕድሜ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ በእርጅና ለሚመጣ የመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው።

ከስኳሩ ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ አንድ ጣሳ ኮካ ብቻውን 35 ግራም ገደማ አለው። በአንዴ አታቁሙ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። እኔ ከሦስት ማንኪያ ወደ ግማሽ ለመውረድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ አሁን የድሮው ማኪያቶዬ ሽሮፕ ሽሮፕ ይለኛል። ጁስ ስታዙም ቀድማችሁ "ያለ ስኳር" በሉ፣ ዝም ካላችሁ ይጨመርበታል።

ጾም ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ ፓስቲና ድንች የጾም ነው፣ ስቡ ግን የትም አልሄደም። ምስሩና ጎመኑ ያለበት በያይነቱ እያለልን ለምን? ለመክሰስ ቦርሳችሁ ውስጥ ቆሎ ያዙ፣ ኦቾሎኒ ጣል አድርጉበት።

ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደግሞ ታክሲ አትጠብቁ፣ በእግራችሁ ሂዱ፤ እንቅስቃሴ ለአእምሮም ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ግን አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ። ሌሎቻችሁ ነገ 9 ሰዓት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችሁን ጥሩና ቆሎውን አብራችሁ ብሉ፤ ለብቻ ሲሆን ቦምቦሊኖው ያሸንፋል።