ለወጣት ተኳሽ የመጀመሪያ የአደን ጠመንጃ፦ የምርጫ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ለጀማሪ ወጣት የአደን ጠመንጃ የሚገዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት «የትኛው ካሊበር (የጥይት ልክና ዓይነት) ይሻለዋል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም ያለበት ግን እሱ አይደለም። ወጣቱ ኢላማ ሲስት፣ ትከሻውን ሲያመው ወይም ከጥቂት ተኩስ በኋላ «ይበቃኛል» ሲል፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው ለጎልማሳ ሰውነት ተለክቶ በተሠራው ሰደፍ እንጂ በልጁ ድፍረት ማነስ አይደለም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምልክቶች ከግዢ በፊት በተኩስ መለማመጃ ቦታ በሚገኝ መሣሪያ ላይ ቢታዩ ገንዘብ ያድናሉ፤ ከግዢ በኋላ ቢታዩም አብዛኞቹ የሚታረሙ ናቸው።

ሁለት ነገሮች ግን ከማንኛውም ሙከራ ይቀድማሉ። ወጣት ሰው ጠመንጃ መያዝና ማደን የሚችልበት ዕድሜ፣ የሚፈቀደው የጥይት ዓይነትና የአዋቂ ቁጥጥር ግዴታ በየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ከዚያም ጥይት የማይጠይቀው ሙከራ ሁሉ የሚደረገው የጠመንጃው ባዶነት በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ፣ አፈሙዙ ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ ዞሮ፣ አዋቂ ሰው ከጎን ቆሞ ነው።

ምልክት፦ ወጣቱ ሲደግን ወደ ኋላ ይንጋለላል፤ አንገቱንም ያሰግጋል

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሰደፍ ርዝመት ነው። ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ ያለው ርቀት በተለመዱት የአዋቂ ጠመንጃዎች ላይ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለወጣቶች ተብለው በሚሠሩት ላይ ወደ 32 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። ልዩነቱ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ግን ብዙ ነገር ያበላሻል። ሰደፉ ሲረዝምበት ወጣቱ ምላጩ ላይ ለመድረስ ትከሻውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ያርፋል፣ ሰደፉም በትከሻው ጉድጓድ ውስጥ መቀመጡ ቀርቶ ወደ ክንዱ ጡንቻ ይንሸራተታል። እዚያ ላይ ያረፈ ርግጫ (ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ምት) ከቀላል ጥይት የመጣ ቢሆንም እንኳ ያማል።

መጀመሪያ የሚደረገው መለኪያ ቀላል ነው። ወጣቱ ክንዱን በክርኑ ላይ 90 ዲግሪ ያጥፋል፤ የሰደፉ መጨረሻ ክርኑ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እንዲደገፍ ተደርጎ ጠመንጃው በክንዱ ላይ ይጋደማል፤ የሌባ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ሳይንጠራራ ምላጩን ከነካ ርዝመቱ ለመነሻ ይሆናል። ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ግን ዓይን ጨፍኖ የሚደረገው ነው። ወጣቱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ያመጣል፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያም ዓይኑን ይከፍታል። ጠመንጃው ላይ በሚታሰረው የማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ ሙሉ ክብ ምስል ከታየው ገጥሞታል፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥላ አይቶ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ማለት ከጀመረ አልገጠመውም። ወፍራም ጃኬት ርዝመቱን ስለሚጨምር ፈተናው ለአደን በሚለበሰው ልብስ ቢደረግ ይመረጣል።

ለመፍትሄው ሁለት መንገድ አለ። ገና የሚገዛ ሰው ከሰደፉ መጨረሻ ላይ የሚጨመሩና የሚቀነሱ ማራዘሚያ ቁራጮች ያሉትን ሞዴል ቢመርጥ፣ ልጁ ባደገ ቁጥር አንዱን ቁራጭ እየጨመረ ለዓመታት ይጠቀምበታል። የእንጨት ሰደፍ ያለውን አስቀድሞ የገዛ ደግሞ በጠመንጃ ጥገና ባለሙያ ሊያስቆርጠው ይችላል፤ የተቆረጠው ቁራጭ ግን አይጣል፣ ኋላ ተመልሶ በብሎን ሊታሰር ይችላልና። ከመጠን በላይ ማሳጠርም የራሱ ችግር አለው፤ በተኩስ ጊዜ የወጣቱ አውራ ጣት አፍንጫውን ከመታው ሰደፉ አጥሯል ማለት ነው።

ምልክት፦ ከመተኮሱ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምላጩን በድንገት ይመነጭቀዋል

ይህ ከሁሉም የሚከፋው ችግር ነው፤ አንዴ ልማድ ከሆነ ጠመንጃ በመቀየር ብቻ አይለቅምና። መኖሩን ለማረጋገጥ አሠልጣኙ ጠመንጃውን ራሱ እያጎረሰ ለወጣቱ ይሰጠዋል፤ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለውን የልምምድ ጥይት ሳይነግረው ያስገባለታል። ጠመንጃው ሳይፈነዳ ቀርቶ አፈሙዙ ወደ ታች ከተደፋና የወጣቱ ትከሻ ወደ ፊት ከገፋ፣ ሰውነቱ ርግጫውን አስቀድሞ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድም ርግጫ አንድም ድምፅ ነው፤ ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአደን ጠመንጃ ድምፅ ለተኳሹ ጆሮ ከ150 ዴሲቤል በላይ ሲሆን፣ ድንገተኛ ድምፅ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል የሚባለው ከ140 ዴሲቤል ጀምሮ ነው። ስለሆነም በጆሮ ውስጥ የሚገባው መድፈኛና ከላይ የሚደረገው መሸፈኛ አንድ ላይ ቢደረጉ ፍርሃቱ በግልጽ ሲቀንስ ይታያል። አፈሙዝ ላይ የሚታሰረው ርግጫ ቀናሽ ለትከሻ ቢጠቅምም ድምፁን ወደ ጎን እየበተነ ስለሚያከብደው፣ ለጀማሪ መፍትሄ ነው ብሎ ማቅረብ ያስቸግራል።

ርግጫን በተመለከተ ቁጥሮቹን ማነጻጸር ይረዳል። 3.5 ኪሎ ግራም በሚመዝን ጠመንጃ ላይ 243 ዊንቸስተር የተባለው ጥይት 14 ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ፣ 6.5 ክሪድሙር 18 ገደማ፣ 308 ዊንቸስተር ከ20 በላይ፣ 30-06 ደግሞ በከባድ አረር (ከጥይቱ ተወንጭፎ በሚሄደው ክፍል) 30 ገደማ ይራገጣል፤ 22 ሎንግ ራይፍል የተባለው ትንሽ ጥይት ግን ግማሽ ጁል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተኩስ የሚለመደው በ22 ነው፤ ወደ አደን ካሊበር የሚታለፈውም ወጣቱ ምላጩን ቀስ ብሎ መጫንን ሰውነቱ ከለመደው በኋላ ነው። ልማዱ አስቀድሞ የተበላሸበት ወጣትም ወደ 22 ይመለሳል፤ መመለሱ እንደ ቅጣት እንዳይመስለው ግን ለአሠልጣኙ ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአንድ ልምምድ ላይ በትልቁ ጠመንጃ ከ10 በላይ ጥይት ማስተኮስ አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ መተኮስም ሰውነት ከርግጫው ጋር ወደ ኋላ እንዳይሄድ ስለሚያግደው ሕመሙን ያበዛል። ለሳቅ ብሎ ከባድ ጠመንጃ ለልጅ የሚያስጨብጥ ሰው የወራት ልፋትን በአንድ ተኩስ ያፈርሳል።

ምልክት፦ ቅንድቡ ላይ ይቆስላል

መነጽሩ ከዓይን ሊርቅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአዋቂ የታሰረ መነጽር ለወጣት ሳይስተካከል ሲቀር ወጣቱ ወደ መነጽሩ ይሳባል ወይም ሰደፉን በደንብ ወደ ትከሻው አያስጠጋም፤ ርግጫው ሲመጣም የመነጽሩ ጠርዝ ይመታዋል። የሰደፉ ርዝመት ከተስተካከለ በኋላ መነጽሩ በወጣቱ ጉንጭ አቀማመጥ ልክ እንደገና ይታሰር።

ምልክት፦ ቆሞ ሲደግን ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ አፈሙዙ ይወርዳል

ብዙ ገዢዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ «ቀላሉን እንግዛለት» የሚል ነው፤ ይህ ግን አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው። በአንድ ዓይነት ጥይት የርግጫው ኃይል ከጠመንጃው ክብደት ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ 3.5 ኪሎ ግራሙን ትቶ 2.5 ኪሎ ግራሙን የያዘ ወጣት 40 በመቶ የሚበልጥ ርግጫ ይቀበላል። አብዛኛውን ጊዜ እጅን የሚያደክመውም ጠቅላላ ክብደቱ ሳይሆን ክብደቱ ወደ ፊት ማዘንበሉ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር በርሜል ያለውን ትቶ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን መምረጥ፣ ትልልቅና ከባድ መነጽሮችንም መተው ሚዛኑን ወደ እጅ ያቀርበዋል። ከሁሉም በላይ ግን ወጣቱ ሳይደገፍ ቆሞ እንዲተኩስ የሚያስገድደው ምክንያት የለም፤ የመተኮሻ ምርኩዝ መጠቀምን ከመጀመሪያው ቀን ይልመድ።

ምልክት፦ ሲያቀባብል አፈሙዙ ወደ ጎን ይዞራል

ይህን የሚመለከት አዋቂ ልምምዱን ወዲያውኑ ሊያስቆም ይገባል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ግራኝ ወጣት ለቀኝ እጅ የተሠራ ጠመንጃ መያዙ ነው፤ የማቀባበያውን መያዣ ለማግኘት እጁን በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ይዘረጋልና። ለግራ እጅ የተሠራ ጠመንጃ ይፈለግለት። ከመግዛት በፊት ግን የትኛው ዓይኑ እንደሚመራ ይታይ፦ ሁለት መዳፎቹን አገናኝቶ በመካከላቸው በተተወች ጠባብ ቀዳዳ ራቅ ያለ ነገር እያየ ዓይኖቹን በየተራ ይጨፍን፤ ነገሩ ሳይሰወርበት የሚያየው ዓይን መሪው ነው። ገና ምንም ያልለመደ ልጅ በመሪው ዓይን በኩል ባለው ትከሻ ቢጀምር ይቀለዋል። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃም አንድ ጥይት ብቻ እየጎረሰ ቢጀመር፣ ከተኩስ በኋላ ያልታሰበ ሁለተኛ ጥይት በውስጡ አይቀርም።

ምልክት፦ ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ ይበታተናሉ

ልጁ ከመወቀሱ በፊት ልምድ ያለው አዋቂ በዚያው ጠመንጃና በዚያው ጥይት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይተኩስ። ለእሱም ከተበተነበት፣ የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎኖችና በርሜሉን ከሰደፉ ጋር የሚያያዙት ብሎኖች ይፈተሹ፤ የላሉ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ለአዋቂው ከተሰበሰበ ምላጩ ይመዘን፦ ከ2.5 ኪሎ ግራም በላይ ግፊት የሚጠይቅ ምላጭ ለትንሽ ጣት ከባድ ስለሆነ በባለሙያ ወደ 1.5 ኪሎ ግራም አካባቢ ዝቅ ሊል ይችላል። ከዚያ በጣም ማውረድ ግን ለጀማሪ አደገኛ ነው።

ምልክት፦ የተመታው አውሬ ይሄዳል፤ አይገኝም

እዚህ ላይ ነው ካሊበር በእውነት የሚነሣው። 243 ዊንቸስተር ለወጣት ተስማሚ ከሆኑት አንዱ ቢሆንም፣ ለትናንሽ አውሬ የተሠሩት ቀላል አረሮቹ አጋዘንን በሚያህል እንስሳ ላይ ጠልቀው ሳይገቡ ተበታትነው ይቀራሉ፤ ለዚያ ከ5.8 እስከ 6.5 ግራም የሚመዝን፣ ገብቶ የሚሰፋ አረር ያስፈልጋል። ከፍ ያለ አውሬ የሚታደንበት ቦታ የሚኖር ወጣት ሰደፉ ከተስማማው በ6.5 ክሪድሙር ወይም በ7 ሚሊ ሜትር 08 ሬሚንግተን መሄድ ይችላል።

ሆኖም ብዙው ጥፋት ከካሊበሩ ይልቅ ከርቀቱ ነው። የወጣቱ የርቀት ወሰን የሚታወቀው ጠረጴዛ ላይ በተኮሰው ሳይሆን ለአደን በሚቆምበትና በሚቀመጥበት ሁኔታ በተኮሰው ነው፦ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 3 ጥይቶችን ደጋግሞ ማስገባት የሚችልበት ርቀት ወሰኑ ይሆናል፤ 60 ሜትር ከሆነ 60 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ የቆመ አውሬ፣ ጎኑን ያልሰጠውም ጭምር፣ ሳይተኮስበት ይታለፍ። የመጨረሻው የመነጽር ማስተካከያ ተኩስም በአዋቂው ሳይሆን በራሱ በወጣቱ ይደረግ፤ የሁለት ሰው የጉንጭ አቀማመጥ አንድ ስለማይሆን ለአንዱ መሃል የሚመታው ለሌላው ጥቂት ፈቀቅ ሊል ይችላልና።