በአዲስ አበባ ዙሪያ ድሮን ሲያበሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኛው የድሮን አደጋ የሚጀምረው መሬት ላይ ነው። ሰው ከሌላ አገር የመጣ ቁጥር ይይዛል፣ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ ግን አይጠይቅም።

ክብደቱን አይቶ ፈቃድ መተው። «ከ250 ግራም በታች ነው፣ ፈቃድ አይፈልግም» የሚለው ወሬ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ 250 ግራም ለመዝናኛ የሚበር ድሮን የምዝገባ ወሰን ነው፤ ከዚያ በታች የሆነውም የሚድነው ከምዝገባ ብቻ ነው፣ የቀረው ደንብ ይይዘዋል። እዚህ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ግድ ነው፤ ጉዳዩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል። ዕቃውን ከውጭ ከመግዛትዎ በፊት ያመልክቱ፤ ያለፈቃድ የመጣ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ሱሉልታ፣ ሰበታና ለገጣፎ ደግሞ በአዲስ አበባ ሳይሆን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ስለዚህ የሚያበሩበት ቦታ በፈቃድ ደብዳቤው ላይ በስም ይጠቀስ፤ ከመብረርዎ በፊትም ለአካባቢው ፖሊስና ቀበሌ ያሳዩት።

በብዙ አገር የድሮን የከፍታ ጣሪያ የሆነውን 120 ሜትር እንደ ዋስትና ማየት። አውሮፕላን ለማረፍ በ3 ዲግሪ ገደማ እያዘቀዘቀ ይመጣል። ከመንደርደሪያው ጫፍ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከፍታው 120 ሜትር ገደማ ብቻ ነው! የቦሌ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፤ በዚያ መስመር ላይ ባለ ሰፈር «ከ120 አላለፍኩም» ማለት ማንንም አያድንም። እዚያ ጨርሶ አያብሩ።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ከፍታ ማመን። በዚህ ከተማ ዙሪያ ብዙ ድሮን የሚበላው ይህ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ከተነሡበት ነጥብ ያለውን ከፍታ ነው፤ ከሥሩ ያለውን መሬት አያውቅም። ከእንጦጦ አናት ተነሥተው ወደ ከተማው ቢያወጡት ስክሪኑ 50 እያለ ድሮኑ ከቤቶቹ በላይ 250 ሜትር ሊሆን ይችላል። ከሥር ሲነሡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ድሮኑ ኮረብታውን ዞሮ ሲሰወር ሲግናሉን የሚቆርጠው ኮረብታው ራሱ ነው። ያኔ ድሮኑ በራሱ ወደ መነሻው ለመመለስ በተሞላለት ከፍታ፣ እንበል 40 ሜትር ላይ፣ ቀጥ ባለ መስመር ይመጣል። ኮረብታው 60 ሜትር፣ የላዩ ባሕር ዛፍ 25 ሜትር ከሆነ መንገዱ በቀጥታ አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ የመመለሻውን ከፍታ ሲሞሉ የኮረብታውንና የዛፉን ቁመት ደምረው 30 ሜትር ይጨምሩበት፤ እዚህ ምሳሌ ላይ 115 ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ድሮኑን ከዓይንዎ አያጥፉት።

አየሩ ስስ መሆኑን መርሳት። በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፕሮፔለሩ በ12 ከመቶ ገደማ ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ባትሪውም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ቀድሞ ያልቃል። ቀጥ አድርገው በፍጥነት ካወረዱት ድሮኑ ራሱ ወደ ታች የገፋው አየር ውስጥ ይገባና ይንቀጠቀጣል፤ ኃይል ቢጨምሩለትም መስመጡን አይተውም። ወደ ጎን እያስኬዱ ያውርዱት።

ባትሪውን ከመግጠምዎ በፊት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በጣትዎ ጫፉን ይጫኑት። ከተወዛወዘ አብጧል፤ ዳግም አይሞላም፣ አይበርም። ጤነኛ ሊፖ (የድሮን ሊቲየም ባትሪ) ሲሞላ በሴል፣ ማለትም በውስጡ ባለው በእያንዳንዱ ክፍል፣ 4.2 ቮልት ነው። ለቀናት ሲቀመጥ 3.8 አካባቢ ይሁን፤ በረራ ላይ 3.5 ሲደርስ ያሳርፉ። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ብርድ ቮልቱ በድንገት ስለሚወርድ ባትሪውን እስኪነሡ ድረስ ጃኬት ውስጥ ይያዙት።

ቆርቆሮና ፌሮ አጠገብ የድሮኑን ኮምፓስ (አቅጣጫ ጠቋሚ) ማስተካከል። የመኪና ኮፈን፣ የቆርቆሮ አጥርና የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ኮምፓሱን ያሳስታሉ። ሜዳ ላይ ያድርጉት።

የማያውቁትን የድሮን አብራሪዎች ቡድን በማኅበር አባልነቱ መመዘን። የአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበር ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የደህንነት ደንቡም ሊነበብ የሚገባው ነው። የአባልነት ካርዱ ግን ሰበታ ሜዳ ላይ ፈቃድ አይሆንም፤ «የዓለም አቀፍ ማኅበር አባል ነን» የሚል ቡድንም በዚህ ብቻ አይታመንም። የሚታመን ቡድን ድሮንዎን ከማየቱ በፊት ፈቃድዎን ይጠይቃል። አብራሪው ስክሪን ሲያይ ሰማዩን ብቻ የሚከታተል ሰው ያቆማል፤ በአካባቢያችን ጭልፊት ስለሚበዛ ይህ ሰው የግድ ነው። ነፋስ ሲበረታ ነባር አባልም ቢሆን «ዛሬ አይሆንም» ይባላል። በሠርግና በበዓል ሕዝብ አናት ላይ ያነሣውን ቪዲዮ እያሳየ አባል የሚሰበስብ፣ ወይም በገንዘብ «ፈቃዱን እኛ እንጨርስልዎታለን» የሚል ቡድን ካጋጠመዎ ይራቁት።

የአደጋ መዝገባቸውንም ያሳዩኝ ይበሉ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ነፋሱ፣ የባትሪው ቮልትና የወደቀበት ምክንያት ተጽፎ መገኘት አለበት። ምክንያቱ ሁሌ «ሲግናል ጠፋ» ከሆነ አልመረመሩም፤ ሲግናሉን ምን እንደቆረጠው ጠይቋቸው።