ከድሮ ሠዓሊ እየቀዱ የሰው ፊት በዘይት ቀለም መሳል

ኩረጃ ፈተና ላይ ያስቀጣል። ሥዕል ላይ ግን ደህና አስተማሪ ነው። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ዛሬም ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ሸራቸውን አቁመው ይቀዳሉ። እዚያ ግን ቅጂው መጠኑ ከዋናው ጋር እኩል እንዲሆን አይፈቀድም።

ለጀማሪ የሆላንዱን ሠዓሊ የቨርሜርን ባለ ዕንቁ ጉትቻ ልጅ እመርጣለሁ። በፈረንጆቹ 1665 ገደማ የተሳለች ናት። አንድ ፊት፣ ጥቁር ዳራ፣ ከአንድ ጎን የሚመጣ ብርሃን፤ በቃ። ዋናው ሥዕል 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሸራችሁ ቢያንስ ይህን የቁመትና የወርድ ምጣኔ ይጠብቅ።

መጀመሪያ ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ ሸራውን ቀቡትና ይድረቅ። ነጭ ሸራ ላይ ሁሉም ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ዓይን ይሸወዳል። ከዚያ የምትቀዱት ሥዕል ፎቶም ሸራውም ላይ እኩል ቁጥር ያላቸው ካሬዎች አስምሩና ፊቱን በከሰል ንደፉ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ቡናማና ነጭ ብቻ ይዛችሁ ብርሃንና ጥላውን ጨርሱ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ስታዩ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ትልልቁ ጥላ ይቀራል። እሱን ቀቡ። አፍንጫዋን በደንብ እዩ፦ በአፍንጫዋ አጥንትና ብርሃን ባረፈበት ጉንጯ መካከል መስመር የለም። እኔ መጀመሪያ ስቀዳት "ረስቶት ነው እንዴ?" ብዬ መስመር ጨመርኩላት። ልጅቷ በአንዴ አክስት ሆና ቁጭ አለች! የምናውቀውን ሳይሆን የምናየውን መሳል ማለት ይኼ ነው።

ሲደርቅ ወደ ቀለም እለፉ። ለቆዳዋ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ቀይና ጥቁር ይበቃሉ፤ ለጥምጥሟ አልትራማሪን ሰማያዊ ጨምሩ። ታችኛው ቅብ አኳራጅ ይብዛበት፣ ላይኛው የተልባ ዘይት። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሥዕሉ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። በየመሃሉ በመስታወት እዩት፤ የተጣመመ ዓይን ወዲያው ይጋለጣል።

ዕንቁው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ጉትቻ እንኳ አይደለም፣ ማንጠልጠያም የለው። ከላይ አንድ ወፍራም ነጭ ጠብታ፣ ከታች የነጭ ኮሌታዋ ደብዛዛ ነጸብራቅ ነው። አንዴ አሳርፉና እጃችሁን ሰብስቡ፤ እያሻሻችሁ በነካካችሁት ቁጥር ይደበዝዛል።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉ፤ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።