አሞርዛተሩን በራሳችሁ ክብደት ልክ አስተካክሉት

ደብረ ብርሃን ሞተር የሚነዳ ሰው ጎማ ያስነፋል፣ ዘይት ይቀይራል፣ ሰንሰለት ያስጠብቃል። የኋላ አሞርዛተሩን፣ ማለትም የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝበውን ሞላና ዘይት ያለበትን ዘንግ፣ ግን ከሱቅ እንደወጣ ይተወዋል። እኔም ሁለት ዓመት እንደዛ ነው የነዳሁት። የገባኝ ወንድሜን ከኋላ ጭኜ፣ ሁለት ብርድ ልብስ አስሬ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ነው። ኋላው ቁጭ ብሏል፣ ፊቱ ቀሏል። ኩርባው ላይ ሞተሩ ወደ ውጭ ወደ ውጭ ይሄድብኛል፣ ጉሙ ውስጥ ደግሞ መብራቱ መንገዱን ትቶ ወደ ላይ ያበራል። ያን ቀን በጣም ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ስትቀመጡበት ኋላው ስንት እንደሚወርድ ለኩት። በእጅ ጫን ጫን አድርጎ «ጥሩ ነው» ማለት መለካት አይደለም።

ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙ፣ የኋላ ጎማው መሬት እንዳይነካ። ከጎማው መሃል ብሎን ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ፣ መቀመጫው ሥር እስካለ አንድ ቦታ ድረስ በሜትር ለኩ። ቦታውን በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። 52 ሳንቲም ሆነ እንበል። አሁን ከማቆሚያው አውርዱትና ሁልጊዜ እንደምትነዱት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ሄልሜቱም፣ ጃኬቱም፣ የምትይዙት ቦርሳም ይኑር። ሁለቱም እግር ከመሬት ይነሳ፣ አንድ ሰው ከፊት መሪውን ይያዝላችሁ፣ ሌላው እዛው ምልክቱ ላይ ይለካ። 48.5 ከመጣ 3.5 ሳንቲም ወርዷል ማለት ነው።

መውረድ ያለበት ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚጫወትበት ርቀት ሲሶ ገደማ ነው። ጎማው በጠቅላላ 10 ሳንቲም የሚጫወት ከሆነ ከ3 እስከ 3.5 ጥሩ ነው። ርቀቱን ማንዋሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ጭራሽ አይውረድ የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ ግን ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚከተልበት ቦታ ካጣ መሬቱን ይለቃል፣ ፒስታ ላይ ደግሞ ይህ ሊጥላችሁ ይችላል።

ብዙ ከወረደ ከሞላው ጫፍ ያለውን ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት፣ ከሞተሩ ጋር በሚመጣው እንደ ማጭድ የታጠፈ ቁልፍ አንድ ደረጃ አጥብቁና እንደገና ለኩ። ትንሽ ከወረደ አላሉት። ግራና ቀኙ የግድ እኩል ደረጃ ላይ ይሁን። ቀለበቱ ሞላውን አያጠነክረውም፣ የሚያደርገው ሞተሩን ከፍና ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሳችሁም ብዙ የሚወርድ ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይም ለክብደታችሁ አይበቃም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።

መቀመጫውን ተጭናችሁ ልቀቁት። ተነስቶ ጸጥ ካለ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ውስጡ ያለው ዘይት ሥራውን አቁሟል። ዘንጉ ላይ ዘይት የያዘ አቧራ ካያችሁም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል። ይህን ፍተሻ ግን በጠዋት ብርድ አታድርጉት። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር አሞርዛተሩ የደረቀ ይመስላል። ደብረ ብርሃን ጠዋት ደረቅ ያለው ያው አሞርዛተር ሸዋ ሮቢት ቆላው ውስጥ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ንዱት።

የፊተኛው በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ማስተካከያ የለውም። ግን የሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩና እስከ ጎሚኒው አውርዱት። ኮብልስቶኑ ላይ ነድታችሁ ስትመለሱ የት ድረስ እንደተገፋ ታያላችሁ። ሁልጊዜ ላይኛው ጫፍ የሚደርስ ከሆነ ዘይቱንና ሞላውን አስፈትሹ።

ሲያልቅ የሰንሰለቱን ልልነት፣ የጎማውን ንፋስና መብራቱን እዩ። ሰው የምትጭኑ ከሆነ ተሳፋሪውን አስቀምጣችሁ ሌላ ልኬት ውሰዱና ስንተኛው ደረጃ እንደሆነ ጻፉት። የእኔ ብቻዬን ስሆን ሁለተኛው፣ ወንድሜ ሲኖር አራተኛው ነው፤ መቀመጫው ሥር በማርከር ጽፌዋለሁ። አሁን ጣርማበርን ከመውረዳችን በፊት ቁልፉን አውጥቶ የሚያጠብቀው እሱ ነው።