የአምቢየንት ሶሎ ቤዝ ጊታር ሙዚቃን እንዴት በአግባቡ ማዳመጥ ይቻላል?

ቤዝ ጊታር በባንድ ውስጥ ከድራሙ ጋር ተያይዞ ሌላውን ሁሉ ይሸከማል፤ ብዙ ሰው መኖሩን የሚያስተውለው ሲቋረጥ ነው። በአምቢየንት ሶሎ ግን ከእሱ በቀር ማንም የለም። አንድ ተጫዋች፣ አንድ ቤዝ፣ የተጫወተውን ወዲያው ቀድቶ እያዞረ የሚመልስ ሉፐር፣ ከዚያ ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመው ዲሌይና በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚያስመስለው ሪቨርብ፤ በእነዚህ ብቻ አሥርና ሃያ ደቂቃ የሚዘልቅ ሙዚቃ ይሠራል። ግጥም የለውም፣ ምት ላይኖረው ይችላል፣ ዜማውም ቶሎ አይገለጥም። በስልክ ስፒከር የከፈተው ሰው «ምንም የለበትም» ብሎ ይዘጋዋል። አልተሳሳተም፤ ስልኩ የሙዚቃውን ግማሽ አላወጣለትም።

1. ዕቃችሁ የሚያወጣውን ፈትሹ

የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ የሚባለው፣ 41 ሄርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ነው። ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ ደግሞ 98። አምስተኛ ክር ያለው ቤዝ እስከ 31 ሄርዝ ይወርዳል። ተጫዋቹ ሉፑን (ሉፐሩ የሚያዞረውን ቅጂ) በግማሽ ፍጥነት ካዞረው ኢ ወደ 20 ሄርዝ፣ ማለትም ወደ ጆሮ ድንበር ይጠጋል። የስልክ ስፒከር ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን በአግባቡ አያወጣም።

ታዲያ የቤዝ ኖታ በስልክም ቢሆን ለምን ይታወቀናል? አእምሯችን ከላይ ካሉት ድምፆች (82፣ 123፣ 165 ሄርዝ እያለ ከሚቀጥለው) ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ስለሚሞላ ነው። በገናን ያሰበ ይህን በቀላሉ ይረዳል። በገና በትንሽ ራዲዮ እንኳን ጥልቀቱ የማይጠፋው እንዝራው፣ በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ጅማቱን እያንዘረዘረች ብዙ የላይ ድምፅ ስለምታስወጣ ነው። አምቢየንት ቤዝ እንዝራ የለውም። ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የላይ ድምፆችን የሚቀንሰውን የቶን ቁልፍ ዘግተው፣ በአውራ ጣት ሥጋ ለስለስ አድርገው ይመታሉ። ስለዚህ አእምሮ የሚሞላበት ፍንጭ ያንሳል፤ መሠረቱ ራሱ መውጣት አለበት።

ነጻ የሆነ የድምፅ ማመንጫ መተግበሪያ አውርዱና 41 ሄርዝ አጫውቱ። ቮልዩሙ ዝቅ ያለ ይሁን። ካልተሰማችሁ ወደ 55፣ ወደ 73 እየወጣችሁ የሚጀምርበትን ያዙ። ድምፁን ለማግኘት ቮልዩም መጨመር ግን አይገባም፦ ትንሽ ስፒከር ሲጨነቅ 41ዱን ትቶ 82ቱንና 123ቱን ይጮኻል፣ እናንተም ሠራ ብላችሁ ታምናላችሁ፤ የስፒከሩም ሸራ ሊበላሽ ይችላል።

2. ሄድፎን ከሆነ

ለዚህ ሙዚቃ ከትልቅ የብሉቱዝ ሳጥን ይልቅ ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ባለ ሽቦ ሄድፎን ይሻላል፣ ዋጋው ትንሽም ቢሆን። ብዙዎቹ የብሉቱዝ ሳጥኖች 80 እና 100 ሄርዝ አካባቢ አብጠው ስለሚያወጡ የጂ ክር ሲያገሳ የኢ ክር ይጠፋል።

ቁም ነገሩ መግጠሙ ነው። ትንሽ ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚሸሸው ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ጆሯችሁን በሌላኛው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ጎማውን አስገቡ። ከዚያ በጣት ቀስ ብላችሁ ጫኑት፤ ሲጫን ቤዙ ከጨመረ ጎማው ልክ አይደለምና ሌላ መጠን ሞክሩ። ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን የሚያደርግ ሰው ደግሞ የመነጽር ክንድ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ በትራሱና በቆዳው መካከል እንዳይገባ ይጠንቀቅ። ብዙ ሰው «ሄድፎኔ ቤዝ የለውም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ስፒከር ከሆነ፦ ወንበሩን ማስቀመጥ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጥሩ ስፒከር ገዝቶ ሶፋው ባለበት ይቀመጣል፤ አንዱ ኖታ ቤቱን ይነቀንቃል፣ ሌላው ጭራሽ አይሰማም፤ ጥፋቱን ለተጫዋቹ ይሰጣል።

የ41 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ በሁለት ግድግዳ መካከል ሲመላለስ ከራሱ ጋር ይጋጫል፤ ግድግዳው አጠገብ ይበረታል፣ መካከል ላይ ይሞታል። የትኛው ድምፅ እንደሚጠመድ ለማወቅ 343ን (ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው ሜትር) ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉ። ክፍሉ 4 ሜትር ከሆነ 343 ለ8 ሲካፈል 43 ሄርዝ ይመጣል፤ ይህ የኢ ክር ጎረቤት ነው። 3 ሜትር ከሆነ 57፣ እሱም የኤ ክር ጎረቤት። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ፣ ለምሳሌ 4 በ4 የሆነ ክፍል ከሁሉ ይከፋል፤ ሁለቱም አቅጣጫ አንዱን ድምፅ ያጠምዳሉና።

ስለዚህ በባለ 4 ሜትሩ ክፍል ልክ መሐል የተቀመጠ ሰው የኢ ክርን አያገኘውም። ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ያስጠጋ ደግሞ ኢ ሌላውን ሲውጥበት ይሰማል። መነሻ የሚሆነው ከፊት ለፊቱ ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ ያህል ርቆ መቀመጥ ነው፤ ለ4 ሜትር ክፍል 1.5 ሜትር ገደማ። ከዚያ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ሄርዝን ተራ በተራ እያጫወታችሁ ወንበሩን በ20 ሴንቲሜትር ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱ። አራቱም እኩል የሚሆኑበት ቦታ አይገኝም። የምትፈልጉት አንዱም የማይጠፋበትን ነው።

በስልክ የድምፅ መለኪያ መጠቀም ይቻላል፣ ግን የስልክ ማይክ ዝቅተኛ ድምፅን ስለሚቀንስ 41ን ከ98 ጋር አታወዳድሩበት። 41ን እዚህ ቦታና እዚያ ቦታ ለማወዳደር ብቻ ያገለግላል።

ስፒከሮቹን ከግድግዳ 50 እና 60 ሴንቲሜትር አርቃችሁ ጀምሩ። ማዕዘን ውስጥ የገባ ስፒከር ቤዙን ያሳብጣል። ሳብዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ካላችሁ ቦታውን የምታገኙት በግልባጩ ነው፦ ሳብዉፈሩን ወንበራችሁ ላይ አስቀምጡ፣ የቤዝ ሙዚቃ ክፈቱ፣ እናንተ ወለሉ ላይ እየዳኻችሁ ድምፁ ጥርት የሚልበትን ፈልጉ፤ ሳብዉፈሩ እዚያ ይቀመጥ። ለሳብዉፈሩ የሚሄደውን ዝቅተኛ ድምፅ ከሌላው የሚለየውን መለያያ 80 ሄርዝ ላይ አድርጉት።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለቤዝ ከንቱ ድካም ነው፤ 8 ሜትር የሚረዝም ሞገድ ካርቶኑን አያየውም። ማዕዘን ላይ የቆመ ወፍራም ፍራሽ ጥቂት ይረዳል። የቡፌ መስታወት፣ ኮርኒስና ቁም ሳጥን ላይ የተደረደረ ዕቃ ሲንቀጫቀጥ ግን ሙዚቃውን በቀጥታ ይበላልና በፍተሻው ጊዜ እየነካችሁ ያዙት።

4. ፍሪጁና ሴቲንጉ

ሹፍልን፣ ኢኩዋላይዘርን፣ ቤዝ ቡስትንና ዘፈን ከዘፈን የሚያደባልቀውን ክሮስፌድ አጥፉ። ፍሪጁንም ለግማሽ ሰዓት አጥፉት። የኢትዮጵያም የአውሮፓም መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ የፍሪጅና የትራንስፎርመር ጉምጉምታ 100 ሄርዝ ላይ ያርፋል፤ ከጂ ክር በ2 ሄርዝ ብቻ ይለያል። ሁለቱ ሲገናኙ በሰከንድ ሁለቴ የሚርገበገብ ድምፅ ይፈጠርና የተጫዋቹ ትሬሞሎ (ድምፅን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ኢፌክት) ይመስላችኋል። አሜሪካ ያላችሁ 60 እና 120 ሄርዝ ስለሆነባችሁ ፍሪጁ የሚጠጋው ቢ ኖታን ነው።

5. ቮልዩም

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 «አምቢየንት» የሚለውን ስም ለአልበሙ ሲያወጣ፣ በትኩረት ለሚያደምጠውም ከጀርባ ለሚተወውም የሚሆን ሙዚቃ አስቦ ነው። ስለዚህ ማስጮህ አያስፈልግም። ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግ ግን ቤዝን ይጎዳል፤ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲያንስ ጆሮ ቀድሞ የሚተወው ዝቅተኛውን ነው። ድምፁ ዝቅ ባለበት ደረጃ 40 ሄርዝ ከ1000 ሄርዝ እኩል እንዲሰማ ወደ 40 ዲሲቤል ብልጫ ይፈልጋል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ብልጫው ወደ 25 ይወርዳል። አንድ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ በደንብ ሲያወራ ያለውን መጠን ያዙ። ሌሊት ሆኖ መቀነስ ግድ ከሆነ ብቻ ከ80 ሄርዝ በታች 3 ወይም 4 ዲሲቤል ጨምሩ። ኢኩዋላይዘር የሚፈቀደው እዚህ ጋ ነው።

6. በማን ይጀመር?

ሉፕ ከሌለበት ጀምሩ። ጃኮ ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ ብቻውን ቤዝ የተጫወተበት፣ በሃርሞኒክስ የተሠራ አጭር ሥራ አለ፤ ክሩን ሳይጫኑ በግማሹ፣ በሲሶውና በሩቡ ላይ ነካ በማድረግ የሚወጣ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ማይክል ማንሪንግ፦ የቤዙን ቅኝት እየተጫወተ ሳለ ይቀይራል፣ ክርን በማግኔት እያንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያዘልቀውን ኢቦውንም ይጠቀማል። ሦስተኛ እንግሊዛዊው ስቲቭ ሎውሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ጀምሮ በሉፐር የሚሠራ። በቡጢና በጥፊ የሚመታውን የፍጥነት ሶሎ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ጆሮን ሌላ ነገር እንዲጠብቅ ያስለምደዋል።

7. ሉፑን መያዝ

ዜማ አትጠብቁ። አንድ ምልክት ምረጡ፦ ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት ያሰማትን ሲጥታ፣ ወይም አንዲት ቀጭን ኖታ። ስትመለስ ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያው ሉፕ ርዝመት ይኸው ነው። ከዚያ ሌላ ሽፋን (በላዩ የተደረበ ሉፕ) ፈልጉና እሱንም ለኩ። አንዱ 7 ሰከንድ፣ ሌላው 11 ሰከንድ ከሆነ እንደገና አብረው የሚነሡት በ77ኛው ሰከንድ ነው። «አንድ ዓይነት ነው» የሚባለው ሙዚቃ ለካ በዚያ ሁሉ ጊዜ ራሱን አልደገመም።

ቀጥሎ የሚያንሰውን አድምጡ። ሉፐሩ በእያንዳንዱ ዙር 90 በመቶውን ብቻ እንዲመልስ ከተደረገ የቆየው ሽፋን በሰባት ዙር ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ተጫዋቹ አዲሱን የሚያስገባው አሮጌው ለቆለት በሄደው ቦታ ላይ ነው። አንድ ሽፋን ባንዴ በኦክታቭ (ሄርዙ በግማሽ) ወርዶ እጥፍ ጊዜ ከወሰደ ግማሽ ፍጥነት ተጭኗል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት የስፒከሩ ሸራ ያለ ድምፅ ሲወዛወዝ ካያችሁ ቮልዩሙን ቀንሱ፤ ከአቅሙ በታች ወርዷል።

8. የመጨረሻው ሁለት ደቂቃ

ሙዚቃው ሲያልቅ ቶሎ አትንኩት። ሉፑ እየከሰመ ሲሄድ ሁሉም ሽፋን እኩል ይቀንሳል፤ ጆሯችሁ ግን ወፍራሙን ክር ቀድሞ ይጥለዋል። በላይ ያሉት ኖታዎች ገና ጎልተው እየተሰሙ ኢ አስቀድሞ ከጠፋባችሁ ቮልዩሙ አንሷል ወይም ወንበሩ ወደ ክፍሉ መሐል ተጠግቷል። አንድ ደረጃ ጨምሩ፣ ወይም ወንበሩን 20 ሴንቲሜትር ግፉና እነዚያኑ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ መልሳችሁ አጫውቱ።